ማንም ሳያባርረን ስለ መሮጥ

ባለፈው ወር በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ሰባት ሆነን ከሐይቅ ከተማ ወደ ውሃው በሚያወርደው መንገድ ሶምሶማ ስንሮጥ፥ ሁለት አህያ የሚነዱ አንድ አዛውንት አጋጠሙን። አህዮቻቸውን ወደ ዳር ገፍተው መንገድ ከለቀቁልን በኋላ እኛን አልፈው ወደ መጣንበት አቅጣጫ አሻግረው ተመለከቱ። ከኋላችን ሰው አለመኖሩን ባዩ ጊዜ፥ «ልጆቼ፥ ማን አባረራችሁ?» ሲሉ ጠየቁን።

እኛም ሣቅንና፥ «ማንም አላባረረንም አባባ፤ እንዲያው ለጤናችን ነው» ብለን መለስን። እርሳቸው ግን አልሣቁም። «እንግዲያስ አብሽሩ» ብለው አህዮቻቸውን ነድተው ሄዱ።

ጥያቄው አጭር ነበር፤ መልሳችንም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ያን ዕለት ወደ ማታ ወደ ደሴ ስንመለስ፥ ለሽማግሌው የሰጠነው መልስ እውነት እንዳልነበረ ተረዳን። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነውም የተሳሳትነውን ነገር ከአንባብያን ሳንደብቅ ለመናገርና ከስሕተቱ የተማርነውን ለኅብረታችን ለማቅረብ ነው።

በመጀመሪያ እዚያ ምን እንደ ወሰደን እናስረዳ። ደሴ ለሯጭ የምትመች ከተማ አይደለችም። በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተሸጉጣ የተቀመጠች በመሆኗ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ያላት ነገር አንድም ዳገት ነው፥ አንድም ቁልቁለት። ወደ አውራው ጎዳና ቢወጡ ባጃጁና ሚኒባሱ መተላለፊያ አይሰጥም። በሐረጎ ጠመዝማዛ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል እንሩጥ ቢሉ ደግሞ፥ እዚያ መንገድ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ዳር ለዳር መሮጥ ነፍስን አስይዞ እንደ መጫወት ነው። የኮምቦልቻ ጓደኞቻችን በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ሜዳ ተሰጥቷቸዋል፤ ነገር ግን እነርሱም ከጂቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣውን ተሳቢ መኪና ጭስ እየሳቡ መሮጥ ግድ ሆኖባቸዋል። ስለዚህ አራታችን ከደሴ፥ ሦስቱ ከኮምቦልቻ ሆነን፥ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ሐይቅ ለመሄድ ተስማማን። የኮምቦልቻዎቹ ገና ሳይነጋ ተነሥተው ደሴ ላይ ደረሱልን፤ በደሴ ብርድ ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ እኛ ልባችን እስኪጠፋ ሣቅንባቸው። ወልድያ በሚወስደው መንገድ ሄደን የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሐይቅ ስንወርድ ፀሐይ ገና እየወጣች ነበር።

ከኛ መካከል ሯጭ የሚባል ሰው አልነበረም። አንዱ የለበሰው ጫማ ከሰልባጅ ገበያ የተገዛ ነው፤ ሌላው የእግር ኳስ ቁምጣውን ለብሶ መጥቷል። ከሦስቱ እኅቶቻችን ሁለቱ ሒጃባቸውን እንዳሠሩ፥ ከሱሪ ላይ ሰፊ ቀሚስ ደርበው ነው የመጡት። ውድድር አላሰብንም። ከመነሣታችን በፊት አንድ ውል ብቻ ነበረን፤ ይኸውም አብረን ተነሥተን አብረን እንድንመለስ ነበር።

ሐይቁን ያላየ ተማሪ ካለ ጥቂት እንንገረው። ውሃው ወደ 23 ኪሎ ሜትር ካሬ ይሰፋል፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል። በጠዋት ነፋስ ስለማይነካው ተራሮቹ በውስጡ ተገልብጠው ይታያሉ። በዳርቻው ወደ ውሃው ገባ ባለች ምድር ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ቀድሞ ደሴት የነበረችው ይህች ቦታ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዛለች። ገዳሙን በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት መሆኑን፥ በዚያም ብዙ ደቀ መዛሙርት መማራቸውን በታሪክ ትምህርታችን ያላነበብን የለንም። ስለ ሐይቁ አፈጣጠር ደግሞ አንድ አፈ ታሪክ ይነገራል። በጥንት ዘመን አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት። እግዚአብሔርም ተቈጥቶ አገሩን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ያች የተበደለችው ሴት የተቀመጠችባት ምድር ብቻ ሳትሰጥም ቀረች፤ ደሴቲቱም እርሷ ናት ይባላል። ይህን አፈ ታሪክ በመንገድ ላይ የነገረችን ከእኅቶቻችን አንዷ ናት። ስትጨርስም፥ «ዛሬ ገዳሙ ውስጥ ሴት አትገባም፤ ሥርዐቱ ነው፥ እናከብረዋለን። እኛ የምንፈልገው ከገዳሙ ውጭ ያለውን መንገድ ብቻ ነው» አለች። ያን ጊዜ ቃሏን እንደ ቀልድ ሰምተን አለፍነው።

ሩጫው ተጀመረ። ወደ ውሃው ዳርቻ እንደ ደረስን ኮንጎ ጫማ የተጫማ አንድ እረኛ ልጅ ከብቶቹን ትቶ ከጎናችን መሮጥ ጀመረ። ዕድሜው አሥር ቢሆነው ነው። አንድ ጊዜ ወደ እኛ ዞሮ ፈገግ ይልና ጥቂት ይቀድማል፤ እንደ ገና ዞሮ ይጠብቃል። አራታችን ወንዶቹ እልህ ያዘን። ውላችንን ረሳን። ልጁን ለመያዝ ስንገሠግሥ ትንፋሻችን እስኪቈራረጥ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሮጥን፤ አልያዝነውም። እርሱም ከአንድ ዋርካ ሥር ቆሞ ሣቀብንና ወደ ከብቶቹ ተመለሰ። እኛም ዘወር ብለን ስናይ ከኋላችን ማንም የለም።

እኅቶቻችንን ስንመለስ አገኘናቸው። አይሮጡም ነበር። ተጠጋግተው፥ እጅ ለእጅ ተያይዘው፥ አንገታቸውን ደፍተው ይራመዳሉ። ከኋላቸው ጥቂት እርምጃ ርቀው ሁለት ጎረምሶች እያፏጩና አንዳንድ ቃል እየወረወሩ ይከተሏቸዋል። እኛን ባዩ ጊዜ ጎረምሶቹ ምንም እንዳልሠራ ሰው ወደ ማሳው ታጠፉ። «ምነው ቆማችሁ?» ስንል ጠየቅን። መልስ አልሰጡንም። የቀረውን መንገድ ሁላችንም በእግራችን ሄድን።

በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ነው ነገሩ የተገለጠው። ከሦስቱ አንደኛዋ እንዲህ አለችን፤ «ጠዋት ለሽማግሌው ‹ማንም አላባረረንም› ያላችሁት ስለ ራሳችሁ ነው። እኛን አልጠየቃችሁንም።»

አንባብያን ሆይ፥ በዚህ ላይ የምንጨምረው ክርክር አልነበረንም። ከትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን መካከል ይህች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ከግቢ ወጥታ ስትሮጥ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። ገና ሳይነጋ እንዳትወጣ ጨለማው ያስፈራታል፤ ከነጋ በኋላ እንዳትወጣ የሰው አፍ አለ። ባጃጁ ከጎኗ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ከሱቅ በር ላይ የተቀመጠው፥ «እቱ፥ ወዴት ነው?» ይላል፤ አሮጊቷ እንኳ ሳይቀሩ፥ «ምን ዓይነት የማታፍር ናት» ሲሉ ትሰማለች። ይህን ሁሉ ችለን ልንሰማው እንችል ይሆናል፤ ጥፋቱ የከተማው ነው ብለን። ግን በግቢያችን ሜዳ ላይ አንዲት ተማሪ ስትሮጥ ከዳር ቁጭ ብሎ የሚያፏጨው ማን ነው? ከባጃጅ ተራ የመጣ ነውን? አይደለም። ደብተሩን በብብቱ የያዘው፥ ስለ እኩልነት በፈተና ላይ ሦስት ገጽ የሚጽፈው፥ እኛው ነን።

ስለ ሽማግሌውም ጥያቄ ደግመን አሰብንበት። በመጀመሪያ አለማወቅ መስሎን ነበር የሣቅነው። ከሰባታችን አንዱ ግን የደሴ ልጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ከእናቱና ከታናሽ እኅቱ ጋር የሐረጎን ቁልቁለት በእግሩ ወርዷል፤ ኮምቦልቻም ወዲያው ስለተያዘች እዚያም አላረፉም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከራያና ከወልድያ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ በዚሁ እኛ በመጣንበት የሐይቅ መንገድ ወደ ደሴ ሲጎርፍ፥ በከተማው ትምህርት ቤቶች ሲሰፍር አይቷል። አያቶቻችን ደግሞ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ሕዝቡ እህል ፍለጋ ከየገጠሩ ወደዚህ አውራ ጎዳና መውጣቱን ይነግሩናል። እንግዲህ በወሎ ምድር አንድ ሽማግሌ ሰው ሲሮጥ ባየ ጊዜ ወደ ኋላ አሻግሮ ቢመለከት ምን ያስደንቃል? ጥያቄው የዕውቀት እንጂ የድንቁርና አልነበረም። በዚህ አገር ሰው የሚሮጠው አንድ ነገር ሲያባርረው ነው።

ወይም ደግሞ ሜዳሊያ ሲጠብቀው ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም አደባባይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ከፈጸመ ወዲህ ዓለም እኛን የሯጮች አገር ብሎ ያውቀናል። እኛም ስሙን ወደነዋል። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ አብዛኞቻችን በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን የምናጨበጭብ ነን። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የጀመረው ታላቁ ሩጫ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲስ አበባ ሲካሄድ 10,000 ሰው መሰለፉ ሕዝቡ ለራሱ መሮጥ እንደሚፈልግ አሳይቷል። ሆኖም እርሱ በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ያውም አዲስ አበባ ላይ። የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪ በቀሩት ቀኖች ምን ያድርግ?

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቻችን የሚያነሡትን ተቃውሞ ሳንመልስ አናልፍም። «ሕዝቡ ኑሮ ተወዶበት ሲቸገር፥ ገበሬው ማዳበሪያ ፍለጋ ሲንከራተት፥ እናንተ በሐይቅ ዳርቻ ሶምሶማ ትላላችሁን? ይህ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» ይሉናል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። እኛ ስንሮጥ በዚያው መንገድ ላይ ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ ያዘለች ልጅ ዳገቱን ስትወጣ አይተናል። እርሷ በዚያ መንገድ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች፤ ማንም ስፖርት አይለውም። በፊቷ ስናልፍ ማፈራችንን አንክድም።

ነገር ግን ከዚህ ዕፍረት የሚወጣው መደምደሚያ «እንግዲህ ማንም አይሩጥ» የሚል ሊሆን አይገባውም። የልጅቱ በደል እኛ መሮጣችን አይደለም፤ እርሷ ለራሷ የሚሆን አንዲት ሰዓት ማጣቷ ነው። እኛ ከዶርም ሳንወጣ ብንውል የእርሷ ጀሪካን አይቀልም። ይልቁንስ በዚያ መንገድ በመሄዳችን ጀሪካኗን አየን፤ የእረኛውን ልጅ ጉልበት አየን፤ የሽማግሌውን ጥያቄ ሰማን። በቤተ መጻሕፍት ተቀምጠን ስለ ሕዝብ ከምናነበው ያላነሰ ነገር በአንድ ጠዋት ተማርን። ለሰው ልጅ ከሥራና ከሥጋት ውጭ የሆነ ጥቂት ጊዜ ይገባዋል ብለን የምናምን ከሆነ፥ ያን እምነት በቅርባችን ካሉት መጀመር አለብን። ቅርባችን ያሉት ደግሞ አብረውን የሚማሩት እኅቶቻችን ናቸው።

ስለ ሌላው ጥፋታችንም እንናዘዝ። ከሩጫው በኋላ በውሃው ዳርቻ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰውልን በላን፤ የላስቲክ ጠርሙሶቻችንን ግን እዚያው ጥለናቸው ልንሄድ ነበር። ዓሣውን የጠበሱልን እናት ምንም ሳይናገሩ ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ ነው የነቃነው። ውሃው ዙሪያውን በተራራ የተከበበ ስለሆነ የጣልነው ሁሉ ታጥቦ የሚሄድበት መውጫ የለውም፤ የወደቀው እዚያው ይቀራል። በእንግድነት የሄደ ሰው ለባለ አገሩ ቆሻሻ ትቶ መመለስ ነውር ነው።

እንግዲህ አሳባችንን ባጭሩ እናቅርብ። ኅብረታችን በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ የሶምሶማ ጉዞ ያዘጋጅ። ቀኑ ቅዳሜ ይሁን፤ ዓርብ ብናደርገው የጁምዓ ሰጋጁ፥ እሑድ ብናደርገው ቤተ ክርስቲያን ሳሚው ይቀርብናልና። የሚኒባሱ ኪራይ ከአዋጡት በጋራ ይከፈል፤ ማዋጣት የማይችል ተማሪ ስሙ ሳይጠራ አብሮ ይሂድ። አንድ ጊዜ ከደሴ፥ አንድ ጊዜ ከኮምቦልቻ የሚነሡት ቅድሚያ አግኝተው ሰዓቱ ይወሰን። ከመሄዳችን በፊት የአገሩን ሽማግሌዎችና የገዳሙን አባቶች በየት በኩል ብንሮጥ እንደማይከፋቸው እንጠይቅ። የወሰድነውን ጠርሙስ ሁሉ ይዘን እንመለስ።

ከሁሉም በላይ ግን ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፥ መንገዱንና ሰዓቱን የሚመርጠው ኮሚቴ ቢያንስ እኩሌታው ከሴት ተማሪዎች ይሁን፤ የት እንደሚያስፈራና መቼ እንደሚያስፈራ እኛ አናውቅም፥ እነርሱ ያውቃሉ። ሁለተኛ፥ የሩጫው ፍጥነት የመጨረሻዋ ሯጭ ፍጥነት ይሁን። ይህ ለወንዶቹ ይከብደን ይሆናል። ግን ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ከጥቁር አፍሪካውያት ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት በሆነች ጊዜ፥ መጨረሻው መስመር ላይ ቆማ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን ጠበቀቻት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። በዓለም ፊት ያሸነፈችው ሴት ቆማ መጠበቅ ከቻለች፥ የአሥር ዓመት እረኛ የቀደመን እኛ መጠበቅ ያቅተናልን?

ገንዘብ የለንም የሚል ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም፤ የጠየቅነው ስታዲየም አይደለም። ከኅብረቱ የምንሻው አንድ ማስታወቂያ፥ አንድ መዝገብና ጥቂት ቁም ነገር ብቻ ነው። ከእያንዳንዳችን ወንዶች የሚፈለገው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፤ እርሱም በግቢው ሜዳ ዳር ስንቀመጥ አፋችንን መዝጋትና፥ ጓደኛችን ሲያፏጭ «ተው» ማለት ነው።

የሚቀጥለውን ጉዞ ለማድረግ ቀን ቈርጠናል። እኅቶቻችንም በብዙ ልመና እንመጣለን ብለዋል፤ በዚህ ጊዜ ግን ሰዓቱን የወሰኑት እነርሱ ናቸው። ምናልባት እኒያን አህያ ነጂ አባት በዚያው መንገድ ላይ እናገኛቸው ይሆናል። ጥያቄያቸውን ደግመው ቢጠይቁን እኛ ቀድመን አንመልስም። ከኋላ የሚመጡት ይደርሱና እነርሱ ይመልሱላቸዋል።